ከ4 እስከ 5 ሰዓት

የ12ኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ሲጀመር ድልድሉን እንድሠራ የታዘዝኩት የሒሳብ መምህር በመሆኔ ነው። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ ሀ፣ ለ እና ሐ። መምህራኑ አራት ነን፦ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ። እያንዳንዳችን ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ሰዓት እናስተምራለን፤ በድምሩ 12 ክፍለ ጊዜ። ሰርቪሱ ተማሪዎቹን 2 ሰዓት ላይ ያወርዳል፣ 6 ሰዓት ላይ ይጭናል። የሚከፈለን ባስተማርነው ክፍለ ጊዜ ልክ ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንድ ትእዛዝ ጨመሩበት፦ «ተማሪ ያለ መምህር እንዳይቀመጥ፤ መምህርም በመሃል ባዶ ክፍለ ጊዜ እንዳይኖረው።» ትእዛዙን በደስታ ነበር የተቀበልኩት። ያቺን የመሃል ባዶ ሰዓት አውቃታለሁ። ወደ ቤት ሄደህ አትመለስባትም፤ ሌላ ሥራ አትይዝባትም፤ አትከፈልባትም። የባዮሎጂዋ መምህርት ደግሞ ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ ነበር የምትመጣው።

ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። በአንድ በኩል ሦስት ነጥብ፣ በሌላው በኩል አራት ነጥብ አደረግኩና 12 መስመር አሰመርኩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከ1 እስከ 4 ያለውን የሰዓት ቁጥር በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ከአንድ ነጥብ የሚወጡት ቁጥሮች እንዳይደጋገሙና ተከታታይ እንዲሆኑ። ጻፍኩ፣ ላጲስ አነሳሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። የፊዚክሱን ሳስተካክል የኬሚስትሪው ይበላሻል። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ሲል ነገሩ ድንገት ተገለጠልኝ።

በእያንዳንዱ ሰዓት የሚያስተምሩት ሦስት ናቸው፤ እኛ ግን አራት ነን። ስለዚህ በየሰዓቱ አንዳችን ውጭ እንሆናለን፤ እያንዳንዳችንም አንድ አንድ ጊዜ። በመጀመሪያው ሰዓት ተራው የደረሰው አርፍዶ ይመጣል። በመጨረሻው ሰዓት የደረሰው ቀደም ብሎ ይሄዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰዓት የደረሳቸው ግን መሃል ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ድልድሉን እንደፈለጉ ቢገለባብጡት ከአራታችን ሁለት ሰው ምንጊዜም ይቀመጣል። ጥያቄው እነማን ይቀመጡ የሚለው ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ጨምሬ በአምስት ሰዓት ሞከርኩት። ያለ ክፍተት ሦስት ተከታታይ ሰዓት የሚያስተምር ሁሉ፣ ከየትም ቢጀምር፣ ሦስተኛዋን ሰዓት መንካቱ አይቀርም። በዚያች ሰዓት አራታችንም ክፍል እንፈልጋለን፤ ክፍሉ ግን ሦስት ነው። በስድስት ሰዓት ግን እንደ ደረጃ ተስተካክሎ ወጣ፦ ሀ በ2፣ ለ በ3፣ ሐ በ4 ሰዓት ይጀምራሉ፤ መምህራኑም አንድ አንድ ሰዓት እየተቀዳደሙ ይገባሉ፤ ሁሉም ነገር 8 ሰዓት ላይ ያልቃል። ለማንም ባዶ ሰዓት የለም።

ሰኞ ጠዋት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁለቱንም ወረቀት ዘርግቼ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ አስረዳኋቸው። ስለ ስድስቱ ሰዓት ገና ሳልጨርስ «ሰርቪሱ አንድ ጊዜ ነው የሚመላለሰው» አሉ። ልክ ናቸው። ወደ አራቱ ሰዓት ተመለስኩና ሁለት ሰው የግድ እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አላዩትም።

«አንድ የሒሳብ መምህር አራት ሰውና ሦስት ክፍል መደልደል ያቅተዋል?» አሉ፤ ደብተር እያረሙ የነበሩት ሁሉ ቀና እስኪሉ ድረስ።

«አላቃተኝም፤ የማይቻል መሆኑን ነው ያሳየሁዎት» አልኩ።

«የማይቻል ነገር የለም፤ ያልተሞከረ ነገር ነው ያለው።»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሒሳብ የማይቻል ነገር አለ። የማይቻል መሆኑን ማወቅም ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከባዱ ሥራ እሱ ነው።

ያን ጊዜ አዛውንቱ የኬሚስትሪ መምህር ብዕራቸውን አስቀምጠው «ተማሪዎቹን በአራት ክፍል ብንከፋፍላቸውስ?» አሉ። በልቤ አሰላሁት፦ አራት ክፍል፣ አራት መምህር፣ አራት ሰዓት፤ ሁሉም ሙሉ ሰዓቱን ያስተምራል፤ ክፍተት የለም። ክፍሎቹም የተጨናነቁ ነበሩ።

ምክትሉ ወዲያው «12 የነበረው ክፍለ ጊዜ 16 ይሆናል። የአራቱን ክፍያ ማን ይሸፍናል?» አሉ።

«አሁን ሁለት መምህር የሚቀመጥበትን ሁለት ሰዓትስ ማን ነው የሚሸፍነው?» አልኩ።

«ተቀምጦ ለመዋል አይከፈልም።»

ማንም አልተነፈሰም። እኔም ልመልስ ብዬ አፌ ደረቀ። በየሳምንቱ እንቀያየር ብዬ ጠየቅኩ፤ ተማሪ ይደናገራል ተብሎ ይህም ቀረ። በመጨረሻ ሰንጠረዡን ስሠራ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ክፍተት የራሴን ስም ጻፍኩ። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ባዶ ተውኩት፤ በሌላ ሰው ላይ የምፈርድበት እጅ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሳየው በቀይ ብዕር ተሞልቷል፦ ባዮሎጂ።

በዚያች ሰዓት እኔ ሀ ክፍል አስተምራለሁ። በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታያል። እሷ ከቢሮው ግድግዳ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ትይዛለች፤ ልጁን የያዘችውን ልጅ «ትንሽ ውኃ አቅምሺው» ስትል ድምፅዋ ይሰማኛል። ቀመር እየጻፍኩ ጠመኔው እጄ ላይ የሚሰበርብኝ ጊዜ ነበር።

ጉዳዩ ስም እንዳለው የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ኬኒግ በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ክፍተት ከተፈቀደ እንዲህ ያለው ድልድል ብዙ ሥራ ያለበት ወገን በሚፈልገው ሰዓት ብቻ እንደሚያልቅ አረጋግጧል፤ የእኛው አራት ሰዓት ማለት ነው። ክፍተት ካልተፈቀደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአርመን የሒሳብ ሊቃውንት አስራቲያንና ካማሊያን በ1987 የግራፍን (ያን ማታ እንደሣልኩት ያለ የነጥብና የመስመር ሥዕል) መስመሮች በተከታታይ ቁጥሮች የማቅለምን፣ ማለትም ከአንድ ነጥብ በሚወጡት መስመሮች ላይ ተከታታይ ቁጥሮችን የመጻፍን ጥናት ጀመሩ፤ ጥያቄው በቀጥታ የመምህራንና የክፍሎች ድልድል ነው። ሁሉም መምህር ሁሉንም ክፍል ሲያስተምር ያለ ክፍተት ከሁሉ ያነሰው ሰዓት ከመምህራንና ከክፍሎች ድምር ላይ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው ሲቀነስ የሚገኘው ነው፦ ለሦስትና ለአራት 6፣ ለአራትና ለአራት 4። ሁሉም ሁሉን በማያስተምርበት ድልድል ደግሞ ያለ ክፍተት ይቻላል ወይስ አይቻልም ብሎ መወሰን ራሱ እጅግ ከባድ ችግር መሆኑን ሴቫስቲያኖቭ በ1990 አሳይቷል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሰጡበትን ጥያቄ ነበር በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በሰው ፊት፣ እንደ ስንፍና የተቆጠረብኝ።

በዓመቱ ተመዝጋቢው በዛና ክፍሉ የግድ አራት ሆነ። ድልድሉን ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በስብሰባው ላይ ወረቀቱን ከፍ አድርገው «አያችሁ፣ ከተፈለገ ይቻላል! ዓምናም ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ።

ተነሣሁና «ዓምና ክፍሉ ሦስት ነበር» አልኩ። «እሺ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። አዛውንቱ የኬሚስትሪ መምህር ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባዮሎጂዋ መምህርት ስብሰባው ላይ አልነበረችም፤ ማጠናከሪያው በተጀመረ በሁለተኛው ወር ሥራውን ትታ ነበር።