ጡሩምባ ያልተነፋለት ሞት

በእኛ ሰፈር ሰው ሞቶ ጎረቤት ሳይሰማ አይውልም። ገና ሳይነጋ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በየቅያሱ እየዞረ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሚቀበር ይለፍፋል። ረፋድ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ ንፍሮው ተጥዷል። ከሟቹ ጋር ተኮራርፎ የኖረ እንኳ መጥቶ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ግን መርዶ ሲኖር ነው። የትግራዩ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ፤ መርዶም መንገድ አጣ። የጎረቤቴ ወንድም መቀሌ ነበር። መሞቱን የሰማችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መስመሩ ሲከፈት ነው። ያኔ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በመካከሉ በነበረው ፋሲካ በሕይወት እንዲቆይላት ተስላለታለች። ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል።

ድንኳን አልተከለችም። በ2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት በታክሲ ውስጥ ትግርኛ ማውራት እንኳ ያስፈራት የነበረች ሴት፣ «የማን ለቅሶ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዴት ትመልስ? በሯን ዘግታ አለቀሰች። በእሷና በእኛ ቤት መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሐዘኗን ያወቅነው ጥቁር ለብሳ ስትወጣ ነው።

ጥቅምት 3 ቀን 2016 በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ በየቤቱ መርዶ ሲነገር፣ ብዙ እናቶች እርማቸውን ያወጡት ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያን ቅዳሜ ገበያዋ ላይ ነበረች። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ እስከ 600,000 ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተናግረዋል። ይህን ያህል ሰው አልቆ በየት በኩል እንዳለፈን ይገርመኛል።

የወታደር እናቶችም አሉ፤ በአማራም፣ በአፋርም፣ በደቡብም። «ልጅሽስ?» ሲሏቸው «ግዳጅ ላይ ነው» ይላሉ፤ ሰውም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ። የዘገየ ለቅሶም ለቅሶ ነው፤ ሰው ሊደርስለት ይገባል።

ጎረቤቴ ወንድሟ የሞተበትን ቀን አታውቀውም። ስለዚህ የሙት ዓመቱን የምታስበው ስልኩ በተደወለበት ቀን ነው። ዘንድሮ ድንኳን እንድትተክል እናቴ ለምናታለች፤ ወንበሩን ከእድሩ እኔ አመጣለሁ።