ስፖርት ነው ወይስ ፖለቲካ?

ስለ ህንዳዊው የዒላማ ተኳሽና ፖለቲከኛ ራጅያቫርዳን ሲንግ ራቶር የሬዲዮ ፕሮግራም መሥራት ያሰበ ካለ ከእኔ ይስማ። ሰውየውን ማጥናት ቀላል ነው። መከራው ጣቢያው ውስጥ ነው።

ታሪኩ ራሱ ይጣፍጣል። ራቶር የህንድ ጦር መኮንን ነበር፤ ካሽሚርም አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ላይ ደብል ትራፕ በሚባለው የተኩስ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ቀነኒሳ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ከማጥለቁ ሦስት ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ህንድ ከነጻነቷ ወዲህ በግል ውድድር ብር ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። በ2013 ከጦሩ ወጥቶ ቢጄፒ የተባለው ፓርቲ ገባ። በ2014 ከጃይፑር ገጠር ለፓርላማ ተመረጠ፣ በ2017 የስፖርት ሚኒስትር ሆነ።

አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ስክሪፕቱን ለስፖርት ክፍል ሰጠሁ። ኃላፊው «ፓርላማ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ዜና ክፍል ይየው» አለኝ። ዜና ክፍል ወሰድኩት። እነሱ ደግሞ «ሜዳሊያ ያለበት ነገር እኛን አይመለከትም» ብለው መለሱኝ። ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ሲገኝ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ፦ «የጦር መሣሪያ ጉዳይ ስለሆነ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ»። ከማን? እሱም አያውቅም። እኮ የምናወራው በአንድ ጊዜ የሚወነጨፉ ሁለት የሸክላ ዒላማዎችን ስለመምታት ነው! ሸክላ ለመስበር ደብዳቤ?

የተኩሱን ድምፅ አውጣ ሲሉኝ ግን አልተከራከርኩም። ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ለምን ይደንግጥ?

ያበገነኝ የ2019ኙን ምርጫ መቁረጣቸው ነው። የፕሮግራሙ ልብ እሱ ነበር። የራቶር ተፎካካሪ ማን ነበረች መሰላችሁ? ክሪሽና ፑኒያ፣ በ2010 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በዲስከስ ውርወራ ወርቅ ያገኘችው። ሁለት ኦሊምፒያኖች፣ አንድ ወንበር! እሱ ከ390,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ። ይሄ ተቆርጦ ምን ሊቀር ነው?

የጣቢያው መመሪያ ሙሉውን ስክሪፕት አስቀድማችሁ አስገቡ ይላል። እኔ አልመክርም። ሙሉ ስክሪፕት ለመቁረጥ ይመቻል። አንድ ገጽ ስጡና ቀረጻውን ጨርሱ። ቃላችሁንም ምረጡ። «ምርጫ» የሚለውን አውጥቼ «የሁለት ኦሊምፒያኖች ፍልሚያ» ብዬ ብጽፈው፣ ያው አንቀጽ ያለ ምንም ጥያቄ አለፈ። «ተፎካካሪ»፣ «ውጤት»፣ «ልዩነት» ሁሉም የስፖርት ቃል ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም።

ፕሮግራሙ ከፕሪሚየር ሊግ ትንተና በኋላ፣ ሰው ሊተኛ ሲል ተላለፈ። እሱም አሁን ድረስ ያናድደኛል። የደወሉት አድማጮች ግን ስለ ሜዳሊያው አልጠየቁም፤ የጠየቁት ስለ ፑኒያ ነው።

ቀጣዩ ሌላዋ ህንዳዊት ተኳሽ ሽሬያሲ ሲንግ ናት። በ2018 የጎልድ ኮስት ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ላይ በደብል ትራፕ ወርቅ አገኘች፣ በ2020 ለህንዷ የቢሃር ግዛት ምክር ቤት ተመረጠች፣ የምክር ቤት አባል ሆና ፓሪስ 2024 ላይ ተኮሰች። ይቺን ለስፖርትም ለዜናም አልሰጥም። የሴቶች ፕሮግራም አዘጋጇን ቡና ጋብዣታለሁ።