ምሳ የማይጋብዘው መካኒክ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ጥገና ክፍላችን ሁለት አንጋፋ መካኒኮች አሉት። አንደኛው ደመወዝ በወጣ ቁጥር ጓደኞቹን ሰብስቦ ምሳ ይጋብዛል። ሂሳብ ሲመጣ ማንም እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም፤ እሱ እያለ ነውር ነው። ለተቸገረም ፈጥኖ ይደርሳል።

ሁለተኛው ሻዩን ብቻውን ይጠጣል። አገሩ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሚጦራቸው ቤተሰቦች አሉት፤ ደመወዙ ገና ሳይወጣ ያለቀ ነው። ምሳ ሲጠሩት "በልቻለሁ" ይላል። በልቶ አይደለም። ተጋብዞ አለመጋበዝ ስለሚከብደው ነው። ከኋላው "ቋጣሪ" የሚሉት አልጠፉም።

ጋባዡ ታዲያ አንድ የማይሰጠው ነገር አለው፤ ሙያውን። ማሽን ሲፈታ ጀርባውን ያዞራል። ረዳቱ ጠጋ ካለ "ሂድ፣ መፍቻ አምጣ" ይለዋል። ልጁ እስኪመለስ ሥራው አልቋል። በየጋራዡም ያለ ነገር ነው። ያሳየሁት ልጅ ነገ ቦታዬን ይወስዳል የሚል ስጋት ነው፤ አይገባኝም አልልም።

የመሐል ሜዳው ሰውዬ መፍቻውን ለረዳቶቹ ያስይዛል። "ፍቺው፣ እኔ አያለሁ" ይላል። የአሥር ደቂቃው ሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። ምርት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ይህ አይመችም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ለምን ራሱ ቶሎ እንደማይጨርሰው ጠየቅሁት።

"እኛ አገር አንድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል" አለኝ። "ሁለተኛውን እስክገዛ ልጠብቅ ቢልማ መሬቱ ጦም ያድራል።"

ታኅሣሥ ገባ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷን ውርጭ ያልቀመሰ አያውቀውም። ያን ሰሞን የመሐል ሜዳው ሰውዬ ወንድሙ ሞቶበት አገሩ ነበር። የጋባዡ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አንዷ የጥገና ረዳት መጥታ "የጥጥ ማበጠሪያው ማሽን ድምፁ ልክ አይደለም" አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

ረጅም ካቻቢቴ አመጣች። ጫፉን የማሽኑን ዘንግ ተሸክሞ የሚያዞረው ኩሽኔታ ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ድምፁ በብረቱ በኩል ይመጣል። ደህና ኩሽኔታ ወጥ በሆነ ድምፅ ያጉረመርማል፤ የተበላው ይንኮሻኮሻል። ለማመሳከር ሌላኛውንም ኩሽኔታ አዳመጠች።

"ይቁም" አለች።

አቆምን። ስትፈታው ግሪሱ ደርቆ ኳሶቹ ተበልተዋል። ማበጠሪያ አካባቢ ብናኝ በየስርቻው ይጠራቀማል፤ የጋለ ኩሽኔታና ብናኝ ከተገናኙ ደግሞ እሳት ነው። ሲነጋጋ አዲሱን ገጥማ ማሽኑን አስነሳች። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሲያመሰግናት "ጋሼ ናቸው በካቻቢቴ ማዳመጥ ያሳዩኝ" አለች።

ቅዳሜ ለቅሶ ልንደርስ ተነሣን። በጣርማበር፣ በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ ገባን። ሰዉ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ለዕለቱ ፈረቃ ሥራ ላይ ከቀሩት በስተቀር ጥገና ክፍል ያለ ወጣት ሁሉ መጥቷል፤ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወሩት ሳይቀሩ። "ቋጣሪ" ይሉት ከነበሩትም ሁለቱን ድንኳኑ ውስጥ አየኋቸው። እግዜር ያጽናህ ካልን በኋላ የዚያን ሌሊት ነገር አወራነው።

"ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አሉ" አለው አንዱ።

"እኔማ እዚህ ነበርኩ" አለ ሐዘንተኛው። "የሰማችው እሷ ናት። ደግሞ ከእኔ ይልቅ የእሷ ጆሮ ይሻላል።"

ይህቺን ንግግር በቀላሉ አላልፋትም። የበታቹን ሥራ በራሱ ስም ሪፖርት የሚያደርግ አለቃ በሞላበት አገር፣ የራሱን ድርሻ እንኳ ለልጅቷ የሚለቅ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ከኪስ ምንም አይወጣበትም፤ ግን ስንቱ ያደርገዋል?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የሚኒባሱን ኪራይ ሙሉውን የከፈለው ጋባዡ ነው። ማንም አልጠየቀውም። ስንመለስ ልጅቷ ከጎኑ ተቀምጣለች። ጣርማበር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ ቀስ ሲል ዕድሉን ተጠቀመችበት።

"ጋሼ፣ የጊርቦክሱን አፈታት መቼ ያሳዩናል?"

"ሌላ ቀን" አላት።

በየሳምንቱ ታስታውሰዋለች። እስካሁን ሌላ ቀን ነው።