የቲቤትን ሙዚቃ የለመድኩት ከእግሬ ጀምሬ ነው

የቲቤት ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የመነኮሳቱ ወፍራም ዜማ ነው። ዜማው ግሩም ነው። ግን ከዚያ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሰምቶ ይዘጋዋል። እኔ መንገዱን ገልብጬ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ጭፈራው፣ ቀጥሎ መሣሪያው፣ ከዚያ የሜዳ ቴአትሩ፣ ገዳሙ መጨረሻ። የያዘኝም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ህንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ አውቶቡስ ይዤ ወደ ዳራምሳላ እወጣለሁ። ከከተማው በላይ ማክሎድ ጋንጅ የሚባል የቲቤት ስደተኞች ሰፈር አለ። የቲቤት ትወና ጥበባት ተቋምም እዚያው ነው። ተቋሙ የተመሠረተው በ1959 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ዳላይ ላማ ከዋና ከተማቸው ከላሳ የተሰደዱት በዚያው ዓመት ነው። ሰው ገና መጠለያው ሳይደላደል፣ ዘፈኑ አብሮት እንዳይጠፋ አሰበ ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ዛሬ እዚያ የሚሠለጥኑ መምህራን ወደ ቲቤት ስደተኞች ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ልጆችን ያስተምራሉ።

ጎርሼ የክብ ጭፈራ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ። ወንዶቹ ስንኙን ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ብዙ ጊዜ መሣሪያ የለም፤ ምቱን የሚይዘው እግር ነው። በዝግታ ይጀመርና መጨረሻው ላይ ይፈጥናል። ዳር ቆሜ ሳይ አንዲት አማ ላ እጄን ይዘው አስገቡኝ። እናቶችን በአክብሮት የሚጠሩት እንዲህ ነው። በሂንዲ "አፍህን ተወው፣ እግሬን እይ" አሉኝ። ቆይቶ ምቱ ገባኝ። የብዙዎቹ ዘፈኖች ስንኝ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) አለው፣ ሁለት ሁለት እየሆነ በሦስት ይከፈላል። ቋንቋውን ባታውቁም በዚህ ማጨብጨብ ትችላላችሁ። ስድስተኛው ዳላይ ላማ (1683–1706) የጻፏቸው አጫጭር የፍቅር ግጥሞች በዚህ ምት የተሠሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ይዘፈናሉ።

ሥራውም ያለ ዘፈን አይሄድም። የድሮ ቤቶችን ወለልና ጣሪያ ሲደለድሉ ወንዱም ሴቱም ይሰለፋል። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት እንጨት ይዘው፣ እየዘፈኑ፣ እኩል እየረገጡ ይደቁሱታል። ይህን ካየሁ በኋላ የቲቤትን ዘፈን ከእግር ነጥዬ መስማት አልቻልኩም።

ከዚያ ድራኜን ወደሚባለው ባለ ጅማት መሣሪያ ገባሁ። አንገቱ ረጅም፣ ጅማቶቹ ስድስት ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሦስት ቦታ ይወጠራሉ። የድምፅ ሳጥኑ ቆዳ የለበሰ ነው። እኔ ትንሽ ክራር እሞካክራለሁ። ክራር ላይ እያንዳንዱ ጅማት የራሱ ድምፅ አለው። ድራኜን ላይ ግን ግራ እጅ አንገቱ ላይ እየተጫነ ነው ድምፁን የሚያወጣው፤ ጊታር አንገት ላይ ያለው ዓይነት መለያ ሽቦም የለውም። ስለዚህ ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ነው። መምህሬ (ጌን ላ እላቸው ነበር) ዜማውን ሳላዜም መሣሪያውን አያስነኩኝም ነበር። ካዜምኩ በኋላ ደግሞ እግሬን እየመታሁ እንድጫወት ያዙኛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ጣት ሲሳሳት እግር ያርመዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ስልት ለዩ። ቶሼ ከምዕራብ ቲቤት የመጣ ነው፤ የጨፋሪው ጫማ ወለሉን ሲመታ እንደ ከበሮ ይሆናል። ዜማው ባብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ትዝታ ሜጀር የለመደ ጆሮ ቶሎ ይቀበለዋል፤ እኔም የተደፋፈርኩት በዚህ ነው። ናንግማ ደግሞ የላሳ ከተማ ሙዚቃ ነው፣ የመኳንንቱ ግብዣ ማድመቂያ የነበረ። ድራኜኑ፣ ፒዋንግ የሚባለው ባለ ሁለት ጅማት ማሲንቆ፣ ዋሽንቱና በዘንግ የሚመታው ባለ ብዙ ሽቦ መሣሪያ አብረው ይሄዳሉ። ረጅም፣ ዝግ ያለ ዘፈን ይቀድማል። ትዕግሥት ያለው ሰው መጨረሻው ላይ ፈጣኑን ጭፈራ ያገኛል።

የሜዳ ቴአትሩ አቼ ላሞ ይባላል። ሾቶን በሚባለው በዓላቸው ጊዜ ይታያል፤ ድሮ ላሳ ውስጥ በኖርቡሊንግካ ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚቆይ ቤተሰብ ምግቡንና በፔርሙዝ ሻዩን ይዞ ነው የሚመጣው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። መሀል ላይ የታንግቶንግ ጊያልፖ ምስል ይቀመጣል። እኚህ መነኩሴ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ የብረት ድልድዮች በመሥራት የታወቁ ናቸው። እንደሚተረከው ለድልድዩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሰባት እህትማማቾችን አስተባብረው ያስጨፈሩት እሳቸው ናቸው፤ ቴአትሩም ከዚያ ጀመረ ይባላል።

አጃቢው አንድ ከበሮና አንድ ጥንድ ጸናጽል (እርስ በርስ የሚመታ የናስ ሳህን) ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭምብል ያጠለቁ የአውሬ አዳኞች ወጥተው ሜዳውን ይባርካሉ። ተራኪው ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ያንደቀድቀዋል። ከዚያ ገጸ ባሕሪው ድምፁን ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ጉሮሮው ውስጥ እየሰበረ፣ እየቆረጠ ይዘልቃል። የቀሩት ተዋንያን ይቀበሉታል። ዋናው ነገር፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕሪ የየራሱ ዜማ አለው። እኔ አንዷን ተዋናይት መርጬ ዜማዋን ብቻ ተከተልኩ። ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሲነሳ ሳላያትም ማን እንደሆነች አውቅ ነበር። ቀኑም አልረዘመብኝም።

ገዳሙ ጋ የደረስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ላሳ ውስጥ የተመሠረተው ጊዩቶ የሚባለው የመነኮሳት ማኅበር ዛሬ ዳራምሳላ አጠገብ ሲድባሪ ላይ ገዳም አለው። አንዱ መነኩሴ ብቻውን ሁለት ድምፅ ያሰማል፤ ከታች በጣም ወፍራም፣ ከላዩ ደግሞ ቀጭን። እዚህ ውስጥ የሚዘፈን ዜማ አትፈልጉ። ጸሎት ነው፣ ለአድማጭ የተዘጋጀም አይደለም። ማድመጥ ያለባችሁ የድምፁን መለዋወጥ ነው። ዜማውን የሚጽፉት በተጠማዘዘ መስመር ነው፤ መስመሩ የድምፁን መውጣትና መውረድ ይከተላል። የቅዱስ ያሬድን ምልክት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማየት ደስታ ነው።

ጸናጽሉን ስሙት። ምቱ ተራርቆ ይጀምርና፣ ከእጅ የወደቀ ኳስ ሲነጥር እንደሚሆነው፣ እየተቀራረበ ሄዶ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝመው መለከት፣ ዱንግቸን፣ የሚነፋው በጥንድ ነው፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ድምፁን ይዞ ይቆያል። ጊያሊንግ የሚባለውን አጠር ያለ መሣሪያ የሚነፋው ግን ጉንጩ ውስጥ ያጠራቀመውን አየር እየገፋ በአፍንጫው ይስባል። ስለዚህ ድምፁ አይቋረጥም። ስልካችሁን አውጥታችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ እንቢ ካሏችሁም በደስታ ተቀበሉ።

ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከአምዶ የመጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በመሣሪያ ያልታጀበ፣ ሜዳ ለሜዳ የሚለቀቅ ዘፈን አላቸው። ማንዶሊን ይዞ ብቻውን የሚዘፍንም አለ። የፍቅር ዘፈናቸውን ግን በዘመድ ፊት አይዘፍኑትም፣ ነውር ነው። የአምዶ ሰው ስታገኙ "እስቲ አንድ የፍቅር ዘፈን" ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ እህቱ ወይም አባቱ አለመቀመጣቸውን እዩ።