በመጠጥ ቤቱ ጨዋታ ማንን እንምረጥ?

ዛሬ ለገጣፎ አራት ሆነን «ሬድ ድራገን ኢን» የተባለውን፣ ጀብደኞች መጠጥ ቤት ገብተው የሚጠጡበትንና ቁማር የሚጫወቱበትን የካርድ ጨዋታ፣ ስንጫወት ክርክሩ የተነሳው ገና ገጸ ባሕርይ ስንመርጥ ነው።

ሁሉም ሰው የሚነሳው በጥንካሬ 20፣ በስካር 0 ነው። ጥንካሬው እየወረደ፣ ስካሩ እየወጣ ሁለቱ ከተገናኙ፣ ለምሳሌ 11 ላይ፣ ተጫዋቹ ተዘረረ ማለት ነው። ወርቁ ያለቀበትም ከመጠጥ ቤቱ ይባረራል።

ከገጸ ባሕርያቱ ለአዲስ ሰው ተዋጊዋን ፊዮናን ስጡት። ካርዶቿ በቀጥታ ይመታሉ፣ ብዙ ስሌት አይጠይቁም። ካህኗ ዲርድሬ ራሷን እየፈወሰች ትቆያለች፤ እሷን የያዘ ሰው ግን ጥንካሬውን ብቻ ሲጠብቅ ወርቁ ሳያስበው ያልቅበታል። ጠንቋዩ ዞት ጨዋታውን ለለመደ ሰው ይሁን።

ለእኔ ምርጡ ሌባው ጌርኪ ነው! ይሰርቃል፣ በጨዋታው መሃል በሚከፈተው የወርቅ ቁማር ላይም ያጭበረብራል። የሚበላሸው የቁማር ካርዶቹን በችኮላ የጨረሰ እንደሆነ ነው። እጅ ወደ 7 ካርድ የሚሞላው በራስ ተራ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ቁማር ሲከፍት አንድ ወርቅ አስይዞ ባዶውን ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት የቁማር ካርድ ሁልጊዜ እጃችሁ ላይ ይቆይ። (መጠጡ በካርድ ብቻ ነውና በጾምም ቡና እየጠጡ መጫወት ይቻላል።) ለሁለት ሰው ግን ጌርኪን አልመክርም፤ ቁማሩ ይቀዘቅዛል።