አሥራ ሰባት ሴንቲሜትር ስጡኝ

በእኛ ሰፈር ትንሽ ዕቃ በውድ ዋጋ የሚገዛ ሰው ወይ ተታሏል ወይ ታሟል። እኔ ሁለቱንም ሳልሆን ነው ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተር ክፍሎች ሁሉ የሚገጠሙበትን ዋና ሰሌዳ፣ ፍለጋ የወጣሁት፤ የሚያምነኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ነገሩን ያመጣው መብራት ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ሲመጣ ነው። አንድ ምሽት ቆይቶ ቆይቶ ጉልበቱን ጨምሮ ተመለሰና ኮምፒውተሬ ውስጥ የሆነ ነገር «ጧ» አለ። እማዬ ከማድ ቤት ሆና «ምን አሳረርክ?» ስትለኝ ያረረው ማዘርቦርዱ እንደሆነ ከሽታው ገምቼ ነበር። ጓደኛዬ ዘንድ ወስጄ ሳስሞክረው ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራሙና ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ተርፈዋል። የምተዳደረው የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው፤ የሦስት ሙሽሮች አባቶች በየጠዋቱ የሚደውሉለት ሰው ደግሞ ብዙ የሐዘን ጊዜ የለውም።

እማዬ ግን ደስ ብሏታል። አሮጌው ኬዝ፣ የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ በአልጋዬና በበሩ መካከል እንደ ዘበኛ ቆሞ ጣቷን ያልመታበት ሳምንት አልነበረም። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒውተር ትንሽ ከሆነ ብፌው ውስጥ አንድ ክፍል እንደምትለቅልኝ ቃል ገባች። ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በዚያ ብፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ከተገዙ ጀምሮ ማንም ጠጥቶባቸው አያውቅም፤ አንዳንዶቹ ዋጋቸው የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሣላቸውም።

ከሁሉም በላይ ያደፋፈረኝ ወደ ውጭ የሄደ ጓደኛዬ ትቶልኝ የሄደው ባዶ ኬዝ ነበር። ርዝመቱ 37፣ ቁመቱ 21፣ ውፍረቱ 17 ሴንቲሜትር ነው። በዚህ ነገር የተለከፉ ሰዎች የኬዝን ትንሽነት የሚለኩት በሊትር ነው፤ የእኔው 13 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የውኃ ጀሪካን እንኳ አያህልም። እንዲህ ያለው ኬዝ ውስጥ የሚገባው ማዘርቦርድ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ብቻ ነው። ልኩ 17 ሴንቲሜትር በ17 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ያወጣው ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ነው፤ ጊዜውም 2001 እ.ኤ.አ. ነው። የራም ማስገቢያው በአብዛኛው ሁለት፣ የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለእኔ ከበቂ በላይ ነው፤ ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክሱን በውስጡ ይዞ የተሠራ ነውና።

ምርጫው ከዚህ በኋላ ቀላል ይመስላል። አይደለም። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ኤኤም 4 መሆን አለበት። ባዮሱ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው የቦርዱ ፕሮግራም፣ የእኔን ፕሮሰሰር የሚያውቅ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሁሉም ነገር በትክክል ተገጥሞ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ራሜ ዲዲአር 4 ስለሆነ ዲዲአር 5 የሚወስደው ቦርድ አይሆንም፤ እግሮቻቸው በቁጥር እኩል 288 ቢሆኑም መሐል ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም። ከሚኒ አይቲኤክስ መካከልም የላፕቶፕ አጭር ራም የሚፈልግ አለ፤ ተራውን ፓወር ሰፕላይ ትቶ እንደ ላፕቶፕ በ19 ቮልት ቻርጀር የሚሠራም አለ። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ቦሌ በታክሲ ተጓዝኩ።

የመጀመሪያው ሻጭ ወረቀቴን አነበበና ኤቲኤክስ አወጣልኝ። 30 ተኩል በ24 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ልክ የተከተለ ትልቅ ቦርድ።

«ወንድሜ፣ ይኸው ይሻልሃል። ነገ ስታድግ ትቀይረዋለህ።»

«ትንሹን ነው የምፈልገው።»

«ብር ካነሰህ እንነጋገራለን እኮ!»

ብር እንዳላነሰኝ፣ እንዲያውም ትንሹ ከትልቁ እንደሚወደድ ነገርኩት። ያ ሁሉ መስመር በጠባብ ቦታ ላይ ሲጨናነቅ ቦርዱ ብዙ ንብርብር ይፈልጋል፣ ገዢውም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ይሰቀላል ብዬ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና ለረዳቱ «ውኃ ስጠው» አለው።

ሌላኛው ሻጭ ግን ተረዳኝ። «አሥራ ሰባት በአሥራ ሰባት? ነገ ና» አለ። በማግሥቱ ስሄድ እውነትም 17 በ17 የሆነ ማዘርቦርድ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀኝ። ሜትር አውጥቶ በሁለቱም በኩል ለካልኝ፤ ሚሊሜትር አልተዛነፈም። የፕሮሰሰር መቀመጫው የት አለ ስለው ግን ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ ተበይዶ እንደመጣና በነፃ እንደጨመረልኝ አበሠረኝ። ከሱፐርማርኬት የሒሳብ ማሽን ውስጥ የተፈታ ነበር። ስናበራው ተነሣ፤ ተነሥቶም የሒሳብ ማተሚያው ወረቀት እንዳለቀ አስጠነቀቀን። ሻጩ ቅር ብሎት «ልኩን እንጂ ሥራውን መች ነገርከኝ?» አለኝ። ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ክርክር ግን አልወድም።

ለካ ታላቄ የሆነው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ከዱባይ ሊመጣ ነው። ቡር ዱባይ ውስጥ ኮምፒውተር ሻጮች የተሰበሰቡበት ሕንፃ አለ፤ እሱ ደግሞ ሹፌር ስለሆነ መንገዱን ያውቀዋል። በቴሌግራም ፎቶ ላክሁለት፣ ልኩን ጻፍኩለት፣ ድምፄንም ቀድቼ ላክሁለት፤ ገንዘቡንም አደረስኩ። ነገሩ ያለቀ መሰለን። እማዬ በደስታ ከፎቅ ወርዳ አሮጌውን ኬዝ ለቆራሌው ሰጥታ በለውጡ ሁለት የፕላስቲክ ጆግ ይዛ ተመለሰች።

የአክስቴ ልጅ የመጣ ዕለት ቤቱ ሞላ። ቡና ተፈላ፣ ፈንድሻ ተበተነ፣ ጎረቤት ተጠራ። ሻንጣው ተከፈተና ካርቶኑ ሲወጣ የልቤ ምት ቆመ፤ ካርቶኑ የሠርግ ዳቦ ይይዛል። እማዬ ገና ሳይከፈት እልል አለች።

«ትንሿን አሳየኝ ብዬ አየኋት» ሲል ጀመረ የአክስቴ ልጅ፣ ስኒውን አስቀምጦ። «እጄ ላይ ጠፋች! ዋጋዋን ስጠይቅ ደግሞ ከትልቁ ትበልጣለች። ሰውዬ፣ ሐበሻ ስለሆንኩ ልታጭበረብረኝ ነው አልኩት። ይህችን ይዤ ብሄድ አክስቴ ምን ትለኛለች? ትልቁን ስጠኝ አልኩት። በተረፈው ገንዘብ ለአክስቴ ሽቶ ገዛሁ።»

እማዬ ሽቶውን አሸተተች፣ መረቀችው። እኔ ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ትንሹን የጠየቅኩት ትንሹን ስለምፈልግ መሆኑን ተናገርኩ።

«ተወኝ እስቲ፣ ይሉኝታህን አላውቀውም? ማዕድ ላይም ትንሽ ይበቃኛል ትላለህ፤ ሲጨመርልህ መቼ ትተህ ታውቃለህ?»

ጎረቤቶቹ በሙሉ ሳቁ። በዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ ምስክሮቹም ብዙ ነበሩ።

ቀኑን ሙሉ ያስረዳሁት አንድ ነገር ነው። የሚኒ አይቲኤክስ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ከኤቲኤክስ ኬዝ ቀዳዳዎች ጋር እንዲገጥሙ ተደርገው ስለተሠሩ ትንሹ ቦርድ በትልቅ ኬዝ ውስጥ ይታሰራል፤ ትልቁ ግን በትንሹ ውስጥ በምንም ተአምር አይገባም። እማዬ በጥሞና ስትከታተል ቆይታ «ታዲያ ትልቁ ኬዝ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ቡናው በሁለቱ አዲስ ጆጎች መካከል ቀዘቀዘ።

እማዬ ግን በጥፋተኛ ፍለጋ ጊዜ የምታባክን ሰው አይደለችም። ታችኛው ብሎክ ያሉትን አናጺ አስጠራች፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ኬዙን አገላበጡና «ቆርቆሮ ነው፣ ይሰነጠቃል» አሉ። ቀጥሎ ማዘርቦርዱን አነሡ፤ ዳር ዳሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ልጄ፣ በዚህ በኩል እኮ ምንም የለበትም። ሦስት ጣት ያህል ብንቀንሰውስ?»

መጋዙ በሌላው እጃቸው ነበር። ከዚያ በፊት ጋሼን ተናግሬያቸው የማላውቀውን ያህል ጮኽኩ። ባዶ የሚመስለው ቦታ በውስጡ በንብርብሮቹ መካከል የመዳብ መስመሮች እንደሚያልፉበት፣ አንዱ ከተቆረጠ ቦርዱ ከቁም ሣጥን በር እንደማይለይ ነገርኳቸው። ጋሼ አልተቀየሙም። «እንግዲያውስ ብፌው ይሰፋ» አሉ፤ ወደ እማዬ ዞረው።

እማዬ ብርጭቆዎቿን አየች፣ ሽቶዋን አየች፣ የእህቷን ልጅ አየች። ከዚያም «ይሰፋ» አለች።

መከፋፈያው ጣውላ ተነቀለ። ጋሼ ከእንጨት ንጹሕ ሣጥን ሠሩ፤ በመረጥኩላቸው ቦታ ሁሉ የነሐስ መቆሚያዎቹን አስገቡ፣ ከላይ ለፋኑ ክብ ቀዳዳ አወጡ። የእኔ ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ልኩ ቢያንስም ባለ 24 ቀዳዳው ሶኬት ያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ያለ ችግር ገጠመ። የአክስቴ ልጅ ሻጩን አስተርጉሞ አስጠይቆ ስለነበር ባዮሱም ፕሮሰሰሬን ወዲያው አወቀው፤ ኤኤም 4፣ ዲዲአር 4፣ ከልኩ በስተቀር ያዘዝኩት ሁሉ በትክክል ተሟልቷል። ባዶዋ ባለ 13 ሊትር ኬዝ ማድ ቤት ገባች። ጎንና ጎኗ ወንፊት ስለሆነ ሽንኩርት አይበሰብስባትም፤ እማዬ ለጎረቤቶቿ የዱባይ ዕቃ ናት ብላ ታሳያቸዋለች።

ኮምፒውተሩ ብፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን፣ ቀይና ሰማያዊ እየበራ መሥራት ጀመረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እሱ ላይ ያርፋል። እማዬም ቀስ በቀስ የራሷ ዕቃ አድርጋ ቆጠረችው። በዚህ ቤት የራሷ የሆነ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ሶፋውም ለብሰዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሰርግ ቪዲዮ እያወጣሁ፣ የሙሽራዋ አባት በስልክ ላይ እያለ፣ ነገሩ መንቀራፈፍ ጀመረ። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የሙቀቱን ቁጥር ስከፍት እዚያው ላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ብሮጥ፣ የጋሼ ቀዳዳ ላይ፣ በፋኑ ልክ፣ የተዘረጋ ነጭ ዳንቴል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የሽቶው ጠርሙስ።

«እማዬ፣ ይህ እኮ መተንፈሻው ነው!»

«አቧራውስ? የቱሉ ዲምቱን አቧራ አታውቀውም?»

አውቀዋለሁ። መስኮት ዘግተን እንኳ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ስም ይጻፍበታል። በዚህ በኩል እውነቷን ነው፤ አቧራ የሞላው ፋንም ውሎ አድሮ ያው ሙቀት ያመጣል። ተከራከርን፣ የሙሽራዋ አባት በስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ። በመጨረሻ መሐሉ ክፍት የሆነ ዳንቴል ልትሠራልኝ ተስማማን፤ ዙሪያው ጥብቅ፣ በፋኑ ትክክል ባዶ።

ወዲያው ኪሮሽዋን አውጥታ መነጽሯን አደረገች።

«ልኩን ንገረኝ።»

«አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር። እማዬ፣ በትክክል አሥራ ሁለት።»

ክሩን በጣቷ ጠቅልላ ትንሽ አሰበች።

«አሥራ አምስት አደርገዋለሁ። ሲታጠብ ይሰበሰባል።»