ትከሻዬን ዝም ለማሰኘት

ቪየና ውስጥ የዘመን መለወጫ ሌሊት ነበር። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ፑመሪን የሚሉት የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ትልቅ ደወል ተደወለ። አስከትሎ የሙዚቃ ደራሲው የዮሐን ስትራውስ ዋልዝ ከድምፅ ማጉያ ወጣ፤ ካፖርት የደረበው ሕዝብ አደባባዩ ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆነ መሽከርከር ጀመረ። አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አልችልም» አልኳቸው። እምቢታዬ ሲከነክነኝ ሰነበተና በመጋቢት ዳንስ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ምቱ አያስቸግረኝም ብዬ ነበር። ዋልዝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው፤ የሠርግ ቤታችን ቺክቺካም በሦስት በሦስት ይከፈላል። ጆሮዬ በእርግጥ አላሳፈረኝም። ያዋረደኝ ትከሻዬ ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ሙዚቃ በሰማሁ ቁጥር ሳላዝዘው ይነቃል። ዋልዝ ግን ትከሻና ክንድ እንደ መስኮት ክፈፍ ጸንተው ሥራውን እግር እንዲሠራው ይፈልጋል። መምህራችን ሁለት ወር ሙሉ የነገሩኝ አንድ ቃል ነው፦ «ትከሻ!»

ሌላው ስሕተቴ ችኮላ ነበር። የጀመርኩት በቪየናው ዋልዝ ነው፤ እርሱ በደቂቃ ወደ 180 እርምጃ ያስሮጣል። የዝግታው ዋልዝ ፍጥነት የዚያ ግማሽ ያህል ነው፤ ነገሩ የገባኝ ወደ እርሱ ስመለስ ነው። ሦስቱ እርምጃዎች እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ ሁለተኛው ወደ ጎን ይከፍታል፣ ሦስተኛው እግርን ከእግር ይገጥማል። የጎማ ሶል ጫማዬንም ጣልኩት፤ ወለሉን ስለሚነክስ ሰውነት ሲዞር ጉልበት ወደ ኋላ ይቀራል።

ቪየናውያን የዳንስ ድግሱን «ባል» ይሉታል። ከኅዳር እስከ ዐቢይ ጾማቸው መግቢያ ከ400 በላይ ይደረጋል፤ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ኬክ ጋጋሪው የየራሱ አለው። ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ ዓርብ ባል አለኝ» ስላት እልልታውን አቀለጠችው። ቀጥላ «በጾም ቀን?» አለች። ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አሁንም ያመነችኝ አይመስለኝም።

የሄድኩበት ባል የቡና ቤት ባለቤቶች የሚያዘጋጁት ነበር፣ በሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት። እንደ ደንቡ ቀሚሴ ወለል ይነካል። «አለስ ቫልትሰር!» ተብሎ ታወጀ፤ «ሁሉም ዋልዝ» ማለት ነው። ዞርኩ፤ ትከሻዬ ዝም አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ካድሪል የሚሉት የሰልፍ ዳንስ መጣ፤ አስጨፋሪው ትእዛዙን እያፈጠነ ይጠራል፣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ሰው ከሰው ይጋጫል፣ ሁሉም ይስቃል። ያን ጊዜ ትከሻዬን ለቀቅሁት። ከፊት ለፊቴ የነበሩት ነጭ ጓንት ያደረጉ ሴትዮ እኔን እያዩ ትከሻቸውን ለመስበቅ ሞከሩ።